ሐረጎን የሚወጣ፣ የባቲን እሾህ የሚችል፦ ለኮርስ ብስክሌት የቱን ጎማ እንምረጥ?

ቤቴ ውስጥ አንዲት የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አለች። ሻይ የለባትም። ያለባት ባለፉት ዓመታት ከብስክሌቴ ጎማ ነቅዬ ያወጣሁት ነገር ሁሉ ነው። የግራር እሾህ አለ። ኩርንችት አለ። የጠርሙስ ስባሪ፣ የጫማ ሚስማር፣ ሹል ጠጠር አለ። ከሁሉም የሚበዛው ግን ቀጭን ሽቦ ነው። ጎማ ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ቤት ሲመጣ መጀመሪያ እሷን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ እገለብጥለታለሁ። «ጠንካራው ጎማ የቱ ነው?» ይለኛል። እኔም «ምኑን የሚችል?» እለዋለሁ። እሾህ የሚችል ጎማ ሽቦ ላይችል ይችላል። ሽቦ የሚችለው ደግሞ ዳገት ላይ ያስከፍላል።

የምኖረው ደሴ ነው። ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በሳምንት ሦስት አራት ቀን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት በብስክሌት ወርጄ እወጣለሁ። እሑድ ወደ ሐይቅ እሄዳለሁ፤ አንዳንዴም ከጓደኞቼ ጋር እስከ ባቲ። እዚህ የምጽፈው በዚሁ መንገድ ላይ ስለሚያዋጣና ስለማያዋጣ ጎማ ነው። አውሮፓ ውስጥ ስሙ የገነነ ጎማ እኛ ጋ ሲመጣ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ሲያልቅ ደግሞ ሱቅ ሄዶ መተካት የለም።

ጎማችንን የሚበሳው ምንድን ነው?

ከሽቦው ልጀምር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው አያውቀውም። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ከጅቡቲው መስመር ጋር ይገናኛል። ተሳቢው ቀን ከሌት ይመላለስበታል። የከባድ መኪና ጎማ ውስጡ በብረት ሽቦ የተሠራ ነው። ሲፈነዳ ቁርጥራጩ አስፋልቱ ዳር ይቀራል። ሌሎች መኪኖች እየረገጡት ላስቲኩ ያልቃል፤ ሽቦው እንደ ፀጉር ይበታተናል። ርዝመቱ አንድ ሴንቲሜትር አይሞላም። ከመርፌም ይቀጥናል። ብስክሌተኛ ደግሞ የሚነዳው እዚያው አስፋልት ዳር ነው።

ይህ ሽቦ ሲገባ ጎማው አይፈነዳም። አየሩ ቀስ እያለ ይወጣል። ማታ ደህና ያቆማችሁት ብስክሌት ጠዋት ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ከመነዳሪውን ታስለጥፉና ትነሳላችሁ፤ ትንሽ እንደሄዳችሁ እንደገና ይተነፍሳል። እኔም አንድ ሰሞን ለሦስት ቀን ተከታታይ እንዲህ ሆኖብኝ ኮምቦልቻ ያሉ አንድ አዛውንት ጎሚስታ ጋ ተናድጄ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ትናንት የለጠፉልኝ እኮ እንደገና ተነፈሰ።»

«አብሽር የኔ ልጅ። ልጥፉ ምንም አልሆነም። እስቲ ጎማውን አውልቀህ ስጠኝ።»

ጎማውን ወደ ውጭ ገለበጡት። ከኪሳቸው ጥጥ አወጡና ውስጡን ዙሪያውን ቀስ ብለው ጠረጉት። አንድ ቦታ ላይ ጥጡ ያዝ አደረገና ክሩ ቀረ። በዓይን ምንም አይታይም። በጣት ሲነካ ግን ይወጋል። ወረንጦ አመጡና ሳቡት። አንድ የጤፍ ፍሬ የምታክል ብቻ ጫፏ ወጥታ ነበር፤ ስትሳብ ግን የጥፍር ስፋት ያህል ርዝመት ነበራት። ያቺ ሽቦ ናት ቆርቆሮዬ ውስጥ መጀመሪያ የገባችው። ከዚያ ወዲህ ጥጥና ወረንጦ ከብስክሌቴ ቦርሳ ጠፍተው አያውቁም። የቱንም ጎማ ብትገዙ እነዚህን ሁለቱን ጨምሩ።

ቀጥሎ እሾህ ነው። ደሴ ዙሪያ ያን ያህል አይደለም። ወደ ሐርቡ፣ ወደ ከሚሴ ወይም ወደ ባቲ ስትወርዱ ግን ግራሩ ይጀምራል። እሾሁ ከዛፉ ወድቆ ብቻ አይደለም መንገድ ላይ የሚገኘው። ሰው ለአጥርና ለበረት የሚሆን የእሾህ ቅርንጫፍ እየጎተተ አስፋልት ያቋርጣል። ያቋረጠበት ቦታ ላይ ስባሪው ይቀራል። አዝመራ በሚሰበሰብበት በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ኩርንችቱ ይደርቃል። ኩርንችት በየትኛውም በኩል ቢወድቅ አንዱ ጫፉ ወደ ላይ ይቆማል። አስፋልት ለቃችሁ ለሻይ የምትቆሙበት ሜዳ ነው ዋናው ቤቱ። ስለዚህ ከመንገድ ስወጣ ብስክሌቴን ተሸክሜ ነው። የባቲ ሰኞ ገበያ ዳር ስደርስም እንዲሁ።

የጠርሙስ ስባሪ የከተማ ነገር ነው። ክረምት ላይ ይብሳል። ውኃ ጎማውን ስለሚያሟልጨው ስለቱ በቀላሉ ይገባል፤ ዝናቡም ከየጥጉ አጥቦ መንገድ ላይ ያወጣዋል።

አራተኛው ጭራሽ መበሳት አይደለም፤ መቀጥቀጥ ነው። ደሴ ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ላይ፣ ወይም አስፋልቱ የተቆረሰበት ጠርዝ ላይ ጎማው ጥግ ድረስ ሲጨፈለቅ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይቆነጠጣል። ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ካያችሁ ይህ ነው። ለዚህ እሾህ የሚከለክል ጎማ አይረዳም። የሚረዳው ወፈር ያለ ጎማና በልኩ የተነፋ አየር ነው። ቀዳዳው ወደ ቸርኬው በኩል ከሆነ ደግሞ ጎማውን አትውቀሱ። የራጂዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው ጥብጣብ አልቋል ማለት ነው። እሱን ለውጡ።

መጀመሪያ ቁጥሩን አንብቡ

ስለ ጥራት ከማውራታችን በፊት ልክ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ አንድ ሱቅ «ያው ነው፣ ይገባል» ብሎ 27 ኢንች ጎማ ሸጦልኝ ሙሉ ከሰዓት ስታገል ውያለሁ። ያው አይደለም። የኮርስ ብስክሌት ቸርኬ በአብዛኛው 700 ሲ የሚባለው ነው። በሚሊሜትር ሲጻፍ 622 ነው። የድሮው 27 ኢንች 630 ነው። ከቻይና የሚመጣው ባለ ትልቅ ጎማ የአባቶቻችን ብስክሌት፣ 28 በ 1½ የሚባለው፣ 635 ነው። ልዩነቱ ጥቂት ሚሊሜትር ይመስላል፤ ግን ወይ አይገባም፣ ወይ ገብቶ ቁልቁለት ላይ ይወልቃል። ጎማው ጎን ላይ እንደ 28-622 ያለ ቁጥር ፈልጉ። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፤ ሁለተኛው የቸርኬው ልክ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ካልገጠመ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት።

ስፋትን በተመለከተ ሐሳቤ ግልጽ ነው፦ ብስክሌታችሁ የሚያስገባውን ያህል ሰፊ ጎማ ግዙ። ድሮ 23 ነበር ፋሽኑ። ለእኛ መንገድ 28 ይሻላል። ፍሬሙ ካስገባ 32 ደግሞ ከዚያም ይሻላል። ጎማው ተነፍቶ ሲዞር ከፍሬሙና ከፍሬኑ ቢያንስ 4 ሚሊሜትር መራቅ አለበት። አሮጌ ኮርስ ብስክሌቶች ብዙ ጊዜ ከ25 በላይ አይቀበሉም፤ እሱንም አስቀድማችሁ ለኩ።

ምርጫዎቹ

ገበያ ላይ በቀላሉ ከሚገኘው እንነሳ። ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ጠርዙ ሽቦ የሆነ፣ ከቻይና ወይም ከህንድ የሚመጣ ጎማ ነው። ብዙውን ጊዜ መከላከያ ንጣፍ የለውም፤ ቢኖረውም ስስ ናይለን ነው። ላስቲኩ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ አያልቅም። ደሴ ከተማ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ለሚመላለስ ሰው በቂ ነው። ለሐረጎ ቁልቁለት ግን፣ በተለይ ሲዘንብ፣ አልመክርም። ደረቅ ላስቲክ እርጥብ አስፋልት አይጨብጥም። ይህንኑ የምትገዙ ከሆነ ሱቅ ውስጥ እጠፍ አድርጋችሁ ጎኑን እዩት። ስንጥቅጥቅ ካለ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ነው። አዲስ ቢመስልም አርጅቷል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንግባ። ጓደኞቼ መካከል ሁለት ወገን አለ፦ የኮንቲኔንታል ጌተርስኪን ወገንና የሽዋልቤ ማራቶን ፕላስ ወገን። ሁለቱም የጀርመን ኩባንያዎች ናቸው።

ጌተርስኪን ውስጡ፣ ከላስቲኩ በታች፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ የፖሊስተር ንጣፍ አለው። ጎኑም ላይ እስከ ጠርዙ ድረስ የሚሄድ ሌላ መከላከያ ጨርቅ አለ። ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ ይህ የጎኑ ነው። የኮብልስቶን ጠርዝና ሹል ጠጠር የሚቀደው ጎኑን ነውና። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ ልጥፍ አያድነውም። 25ቱ ታጣፊው 250 ግራም ገደማ ነው፤ ያን ያህል አይከብድም። ዕድሜው ረጅም ነው። እኔ የኋላ ጎማ አድርጌው ሁለት ክረምት አልፎኛል። ጉድለቱ አያያዙ ነው። ላስቲኩ ጠንካራ ስለሆነ እርጥብ ሲሆን እምነት አይሰጥም። ሐረጎ ጠዋት ጠዋት በጉም ስትሸፈን አስፋልቱ ባይዘንብም ይረጥባል። አንድ ጠመዝማዛ ላይ የፊት ጎማዬ ሸርተት ሲል ልቤ ቀጥ ብላ ነበር። አልወደቅሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ጌተርስኪንን ፊት ላይ አልገጠምኩም።

ማራቶን ፕላስ ሌላ ዓይነት ነው። ከሚነካው ላስቲክ በታች 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ የላስቲክ ንጣፍ አለው። ስማርትጋርድ ይሉታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ጨርቅ በጥንካሬው ይመክታል፤ ይህ ግን በውፍረቱ ነው የሚመክተው። እሾሁ ቢገባ እንኳ ከመነዳሪው ጋ ለመድረስ ርቀቱ አይበቃውም። ከላይ የነገርኳችሁ ቀጭን የመኪና ጎማ ሽቦ ማንኛውንም ሽመና በክሮቹ መካከል ሾልኮ ያልፋል። ይህን ግን አያልፍም። እኔ ባየሁት ሽቦን ከልቡ የሚያቆም እሱ ብቻ ነው። ባቲ ደርሶ መልስ አንድም ሳይተነፍስ የሚመለሰው ጓደኛችን የሚነዳው ይህንኑ ነው።

ክፍያው ክብደቱ ነው። 28 ሚሊሜትሩ ከ600 ግራም በላይ ይመዝናል፤ ከአንድ ጌተርስኪን ሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ደግሞም ይደርቃል። መጀመሪያ ስትገጥሙት አውራ ጣታችሁ ይላጣል። መንገድ ላይ ማውለቅ ቢኖርባችሁም እንዲሁ ነው። በጠንካራ የፕላስቲክ ማንሻ ካልሆነ አይሞከርም።

እነዚህን ሁለቱን ሲያነጻጽሩ ሰዎች የሚረሱት ሦስተኛ አለ፤ እኔ ከልቤ የምወደውም እሱን ነው። የኮንቲኔንታል ግራንድ ፕሪ ፎር ሲዝን ይባላል። እንደ ጌተርስኪን የጎን መከላከያ አለው። ከላስቲኩ ሥር ደግሞ ቬክትራን ከሚባል ጠንካራ ክር የተሠራ ድርብ ንጣፍ አለው። ላስቲኩ ግን ለብርድና ለዝናብ የተቀመመ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ ከጌተርስኪን እጅግ የተሻለ ይጨብጣል። 28ቱ 280 ግራም ገደማ ነው። ዕድሜው ከጌተርስኪን ትንሽ ያጥራል፤ ዋጋውም ይወደዳል። ለደሴ አየር ግን፣ ክረምትና ጉም ለበዛበት፣ የፊት ጎማ ሆኖ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ግራንድ ፕሪ 5000ን ብዙ ልጆች ይጠይቁኛል። በ2018 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ የውድድር ጎማ ነው። ፈጣን ነው፤ አያያዙም ግሩም ነው። አንድ የቬክትራን ንጣፍ አለው፤ ጎኑ ግን ስስ ነው። ለውድድር ቀን አስቀምጡት። በየቀኑ ኮምቦልቻ ለመመላለስ ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

የውድድር ጎማ ሳጥን ላይ ከፍ ያለ የክር ቁጥር ስታዩም አትደናገጡ። በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ክር አለ ማለት ነው። ክሩ ሲበዛ ይቀጥናል፤ ጎማው ይለሰልሳል፣ ይፈጥናል። ክሩ ሲያንስ ይወፍራል፤ ጎማው ይደርቃል፣ መቀደድን ይችላል። ኩባንያዎች የሦስት ድርብ ክር ደምረው 180 ብለው ሲጽፉ በአንዱ ድርብ 60 ነው። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ይጠነክራል ማለት አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው።

ያለ ከመነዳሪ የሚሠራው ጎማስ? ውስጡ ፈሳሽ ይደረጋል፤ ሲበሳ ፈሳሹ ወጥቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ለባቲ እሾህ በእውነት የተሠራ ይመስላል። ትንንሽ ቀዳዳ እንደተበሳ ሳታውቁ ይደፈናል። ነገር ግን ቸርኬው ለዚያ የተሠራ መሆን አለበት። ጎማው መጀመሪያ ቸርኬው ላይ ጠብ ብሎ እንዲቀመጥ ብዙ አየር በአንዴ ይፈልጋል። ፈሳሹም ይደርቃል፤ ሞቃት አገር ውስጥ በሁለትና በሦስት ወር መሙላት ያስፈልጋል። ያንን ፈሳሽ በየጊዜው የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ግቡበት። ከሌለ ፈሳሹ ያለቀ ቀን መንገድ ላይ መቅረት ነው። ለብዙዎቻችን ገና ጊዜው አልደረሰም።

በጎማውና በከመነዳሪው መካከል የሚነጠፍ ጥብጣብም አለ። እኛ ጋ ጎሚስታዎች አሮጌ ከመነዳሪ ሰንጥቀው ያነጥፋሉ። እሾህ ያስቆማል፤ ርካሽም ነው። ችግሩ የጥብጣቡ ጫፍ ነው። እያሸ እያሸ ራሱ ከመነዳሪውን ይበሳዋል። ካነጠፋችሁ ጫፎቹን በመቀስ አለስልሱ፤ በብርጭቆ ወረቀትም ሳሱ እስኪሉ ፈትጓቸው። አየር የሌለው ድፍን ጎማ ግን ለኮርስ ብስክሌት አይሆንም። ኮብልስቶን ላይ እጃችሁን ያደነዝዘዋል።

ሐረጎ ላይ ክብደቱ ስንት ያስከፍላል?

«ማራቶን ፕላስ ይከብዳል» ማለት ቀላል ነው። እስቲ እናስላው። ከጌተርስኪን ጋር ያለው ልዩነት በአንድ ጎማ 400 ግራም ነው ብንል ሁለቱ ጎማ 800 ግራም ይሆናል። ሰውዬውና ብስክሌቱ ከነውኃው 80 ኪሎ ቢሆኑ ጭማሪው ከመቶ አንድ እጅ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ መውጣት ለእኔ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ክብደቱ የሚጨምርብኝ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ከባድ ጎማ ሲንከባለልም ይጎትታል። በላቦራቶሪ ሲለካ በሰዓት 29 ኪሎሜትር ፍጥነት ጌተርስኪን ከውድድር ጎማ ይልቅ በአንድ ጎማ ከ8 እስከ 10 ዋት የበለጠ ጉልበት ይወስዳል፤ ማራቶን ፕላስ ከዚያም ይጨምራል። ዳገት ላይ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ጉተታውም ይቀንሳል። ሁሉን ደምሬ ሳየው አምስት ደቂቃ ግድም ነው።

አንድ ከመነዳሪ መቀየር 15 ደቂቃ ይፈጃል። ያውም ጠመዝማዛው ላይ ቆሞ፣ ተሳቢው በክርን ልክ እያለፈ፣ በካፊያ። እኔ አምስቱን ደቂቃ ከፍዬ ቤቴ መግባት ይሻለኛል። ደሴ ወደ ሐይቅ ያለው ሜዳ ላይ ከፈጣን ጓደኞች ጋር ስትነዱ ግን ያ ጉተታ ይሰማችኋል፤ እሱን አልክድም።

ስለዚህ ሁለቱንም ጎማ አንድ ዓይነት ለምን እናደርጋለን? ክብደታችን ይበልጡን የሚያርፈው ኋላ ላይ ነው። የሚያልቀውም የሚበሳውም ቀድሞ የኋላው ነው። ኋላ ቢተነፍስ ወዝወዝ እያላችሁ ትቆማላችሁ። የፊት ጎማ ቁልቁለት ላይ ከፈነዳ ግን ይጥላል። ፊት ላይ የሚጨብጠውን፣ ኋላ ላይ የሚችለውን አድርጉ። እኔ ፊት ፎር ሲዝን፣ ኋላ ጌተርስኪን ነው የምነዳው፤ ሁለቱም 28። በየሳምንቱ ወደ ባቲ ወይም ወደ ከሚሴ የምትወርዱ ከሆነ የኋላውን ማራቶን ፕላስ አድርጉት። የኋላው ሲያልቅ አዲሱን ኋላ አትግጠሙ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ የፊቱን ወደ ኋላ አዙሩና አዲሱን ፊት አድርጉ። ያረጀ ጎማ ፊት ላይ መኖር የለበትም።

ማለቁንም በዓይን ተከታተሉ። ብዙዎቹ የኮንቲኔንታል ጎማዎች መሬት የሚነካው ገጽ ላይ ሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች አሏቸው። ጉድጓዶቹ ሲጠፉ ጎማው አብቅቷል። ምልክት ከሌለው የኋላውን ከጀርባ ሆናችሁ እዩት፤ ክብነቱ ጠፍቶ መሐሉ ጠፍጣፋ ከሆነ ተዘጋጁ። ነጭ ክር ከታየ ደግሞ ዛሬውኑ አውልቁት።

አየሩ ካልተስተካከለ ጎማው ምንም አያደርግም

ጥሩ ጎማ ገዝቶ በጣት ጫን አድርጎ «በቃ ነው» የሚል ብዙ ነው። የኮርስ ጎማ በጣት አይለካም። 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 25 ሚሊሜትር ጎማ ላይ ከ80 እስከ 85 ፒኤስአይ (መንፊያው ላይ ያለው የአየር ግፊት መለኪያ)፣ 28 ላይ ከ70 እስከ 75፣ 32 ላይ ደግሞ ከ55 እስከ 60 ጥሩ መነሻ ነው። የኋላውን ትንሽ ጨምሩለት። እንደ ድሮው እስከ 120 መንፋት ያፈጥናል የሚለው እኛ መንገድ ላይ አይሠራም። ጎማው ይነጥራል፤ ስለትም ላይ ሲያርፍ አይለሰልስም። በጣም ካነሰ ደግሞ ያ መቆንጠጥ ይመጣል።

ጎሚስታ ጋ ስታስነፉ ተጠንቀቁ። ኮምፕሬሰሩ ለመኪና ነው። የእኛ ጎማ የሚይዘው አየር ትንሽ ስለሆነ በሰከንዶች ከልክ ያልፋል። የኮርስ ከመነዳሪ ቫልቩ ቀጭን ስለሆነም ትንሽ የነሐስ አዳፕተር ይፈልጋል። አዳፕተሯን ከቁልፋችሁ ጋር እሰሯት። ከሁሉ የሚሻለው ግን መለኪያ ያለው የእግር መንፊያ ቤት ውስጥ መኖሩ ነው። ቀጭን ጎማ አየር ቶሎ ይጥላል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ንፉት።

«ደሴ በብርድ የነፋሁት ባቲ ሙቀት ላይ ይፈነዳል ወይ?» የሚለኝም አለ። አይፈነዳም። ከዚያ ሁሉ የሙቀትና የከፍታ ለውጥ የሚመጣው ጭማሪ ጥቂት ፒኤስአይ ብቻ ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ፍሬናችሁ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነና ከደሴ እስከ ታች ፍሬን ይዛችሁ ከወረዳችሁ ቸርኬው ይግላል። እጃችሁን ብታስጠጉት ያቃጥላል። ያ ግለት ነው ከመነዳሪ የሚያፈነዳው። ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ። ሁለቱን ፍሬን አፈራርቁ።

እንዴት እናስመጣው?

ይህ ለኛ የምርጫው ግማሽ ነው። እነዚህ ጎማዎች ደሴም ኮምቦልቻም ሱቅ ውስጥ ተደርድረው አይጠብቁንም። አብዛኞቻችን የምናገኛቸው ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው። ስለዚህ ታጣፊ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ታጣፊ ጎማ ጠርዙ በሽቦ ፈንታ ኬቭላር በሚባል ክር የተሠራ ነው። ተጠቅልሎ ከአንድ ሸሚዝ የበለጠ ቦታ አይወስድም። ጌተርስኪን በሁለቱም ዓይነት ይሸጣል፤ ታጣፊውን ምረጡ። ፎር ሲዝን ታጣፊ ነው። ማራቶን ፕላስ ግን ሽቦ ነው፤ እንደ ገመድ ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ ይታሰር እንጂ አይታጠፍም። ያንን ጂዳ ያለችውን እህታችሁን ተሸከሚልኝ ማለት ይከብዳል። አንድ ለኋላ ብቻ ከሆነ ግን ትችላለች።

አብራችሁ ከመነዳሪ እዘዙ፤ ለአንድ ጎማ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። ልጥፍና ማስቲሽ እዚሁ አለ። ማስቲሹን ቀብታችሁ ወዲያው አትለጥፉ። አምስት ደቂቃ ይድረቅ፤ በጣት ስትነኩት የማይጣበቅ ሲሆን ነው ልጥፉ የሚይዘው።

የምትልኩትን መልእክት ደግሞ በወሬ አታድርጉት። እኔ ለእህቴ «ጠንካራ የብስክሌት ጎማ» ብዬ ልኬ ለተራራ ብስክሌት የሚሆን 26 ኢንች ይዛ መጥታለች፤ ያንን ሁሉ መንገድ። አሁን የድሮውን ጎማ ጎን በስልክ አንስቼ ፎቶውን እልካለሁ። ከሥሩም እንዲህ እጽፋለሁ፦ «28-622። ታጣፊ። ኮንቲኔንታል ፎር ሲዝን አንድ፣ ጌተርስኪን አንድ። ከመነዳሪ 700 በ 28፣ ቀጭን ቫልቭ፣ አራት። 28-622 የሚለው ጎኑ ላይ ከሌለ አትግዢው እቱ።»